ከፎቶ ፕሮግራም በፊት ጥርስን በቦንዲንግ ማሳመር

ቦንዲንግ የተሸረፈ፣ የበለዘ ወይም ቅርጹ ያላማረ የፊት ጥርስ ላይ ኮምፖዚት የሚባል የጥርስ ቀለም ያለው ማቴሪያል እየደረቡ ማስተካከል ነው። ነጭ ሙሌት ያስሞላ ሰው ማቴሪያሉን ያውቀዋል፤ ያው ነው። እዚህ ግን ዋናው ሥራ ስንስቅ የሚታየው ፊት ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ አይፈልግም። ለቬኒር (ጥርስ ፊት ላይ ለሚለጠፍ ስስ ሽፋን) እንደሚደረገው ጥርሱ ብዙ አይሞረድም። አንድ ጥርስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሰርግ፣ ምርቃት ወይም የሥራ ፎቶ የደረሰበት ሰው ቶሎ ትዝ የሚለውም ለዚህ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከቀለም ቅብ ነው። ፋብሪካዎች ቀለም ብረት ላይ እንዲይዝላቸው ብረቱን አስቀድመው በፎስፎሪክ አሲድ ያክሙት ነበር። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ማይክል ቡኦኖኮር ይህንኑ ጥርስ ላይ ሞከረና እ.ኤ.አ. በ1955 ውጤቱን አሳተመ። ራፋኤል ቦወን ደግሞ በ1962 ለዛሬዎቹ ኮምፖዚቶች መሠረት የሆነውን ሬዚን (ሙጫ መሰል ማቴሪያል) በፓተንት አስመዘገበ።

ሥራው የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ገና ሲጀመር፣ ቀለም ሲመረጥ ነው። ጥርስ ሲደርቅ ይነጣል። አፍ ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ የተመረጠ ቀለም፣ ጥርሱ ምራቅ ነክቶት ወደ መልኩ ሲመለስ ነጭ ጥፍጥፍ ሆኖ ይቀራል። ጠንቃቃ ሐኪም ስለዚህ ቀለሙን ከሁሉም በፊት ይመርጣል። አንዳንዱ ከኮምፖዚቱ ቆንጥሮ ያለ ማጣበቂያ ጥርሱ ላይ ያስቀምጥና በመብራት ያደርቀዋል። መስታወት ያሳያችኋል። ካልተስማማ በመሣሪያው ጫፍ ፈንቅሎ ያነሳውና ሌላ ይሞክራል።

ከዚያ አሲዱ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ጄል ነው። ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ቆይቶ ይታጠባል። ሲደርቅ የሚያብረቀርቀው ጥርስ ኖራ የተቀባ ይመስላል። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስለተከፈቱ ነው፤ ማጣበቂያው የሚይዘው እዚያ ውስጥ ገብቶ ነው። ኮምፖዚቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት እየተደረበ በሰማያዊ ብርሃን ይደርቃል፤ ከዚያ በላይ ከወፈረ ብርሃኑ ጠልቆ አይደርስም። በመጨረሻ ይሞረዳል፣ ይወለወላል። ፎቶ ለሚነሳ ሰው መወልወሉ ቀላል ነገር አይደለም። ፍላሽ ሲበራ ያልተወለወለው ቦታ ደብዝዞ ይለያል። የአዳራሹ ዲጄ ጥቁር መብራት (ነጭ ነገር እንዲያበራ የሚያደርገውን አልትራቫዮሌት) ካበራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የተፈጥሮ ጥርስ ሲያበራ አንዳንዱ ኮምፖዚት ጠቁሮ ይታያል።

መቼ መጀመር እንዳለበት ብዙዎችን ያሳስታል። ኮምፖዚት እንደ ጥርስ ብሊች ተደርጎ አይነጣም። ሐጫ በረዶ ጥርስ የፈለገ መጀመሪያ ያስነጣና ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቃል፤ ከማንጫው የቀረው ኦክስጅን ማጣበቂያውን ያዳክማል። ድዱ የሚደማም ካለ አስቀድሞ ይታጠብ፣ ይታከም። ደም የነካው ቦታ ላይ ምንም ነገር በደንብ አይጣበቅም። እንግዲህ ሰርጉ ጥር ላይ ከሆነ ጉዳዩ በኅዳር ይጀመር። በሰርጉ ዋዜማ ክሊኒክ መሮጥ ዋጋ የለውም።

እኛ አገር ቦንዲንግ ጉዳዩ የሆነ አንድ ትልቅ ወገን አለ። ወንጂ፣ መተሃራ፣ ዝዋይ እና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ነው። ምክንያቱ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ነው እንጂ አለመፋቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በእነዚህ አካባቢዎች ከዚያ በብዙ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ጉዳቱ የሚደርሰው በልጅነት፣ ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ እያለ ነው። ጠቆር ያለ ቀለም ለመሸፈን ሐኪሙ ላዩን በስሱ ይፍቅና ብርሃን የማያሳልፍ ኮምፖዚት ከሥር ያደርጋል። እንዲህ ያለው ጥርስ አሲድ ስለሚቋቋም ጄሉ ረዘም ሊልበት ይችላል።

ፍንጭትም አለ። ሌላ ቦታ ያለ ጥያቄ የሚደፈነው ክፍተት እኛ ዘንድ የተዘፈነለት ውበት ነው። ከመደፈኑ በፊት እናትን ወይም እጮኛን መጠየቅ አይከፋም። እኔ ብሆን አልነካውም።

ቦንዲንግ እንደ አያያዙና እንደ ቦታው ከ3 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ቡና፣ ሻይ፣ እርድና ሲጋራ ያበልዙታል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በተለይ መጠንቀቅ ነው። እንጀራ በወጥ አይጎዳውም። ጠጣር ቆሎ፣ አጥንት መጋጥና ጠርሙስ በጥርስ መክፈት ግን ይሸርፉታል። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው የመኝታ መከላከያ ካላደረገ ብዙም አይቆይለትም። ከቬኒር የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ ጫፉ ቢሸረፍ ሙሉው አይነሳም። የተሸረፈችው ቦታ ብቻ ተፍቃ፣ አዲስ ተደርቦባት፣ በዚያው ቀን ተወልውላ ትወጣለች።