ቬንዲሚያ ምንድን ነው? የስፔን የወይን ለቀማና በስሙ የሚሸጠው ጉዞ

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ሪዮሃ የምትባለው የሰሜን ስፔን የወይን አገር ደረስን። የጉዞው ማስታወቂያ ላይ በትልቁ «ቬንዲሚያ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ቅርጫት ሙሉ ወይን የታቀፈች ሴት ፎቶ አለ። ከአውቶቡስ ስንወርድ ማሳው ቀይና ብርቱካናማ ለብሷል። ቅጠሉ ዓይን ይይዛል። ወይን ግን የለም፤ አንድ ዘለላ እንኳ። አስጎብኚያችን ትከሻውን ሰበቀና «ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል» አለን። ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ ቤቷ ገብታለች ማለት ነው።

ጥፋቱ የአስጎብኚው ብቻ አልነበረም። እኔም ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው የከፈልኩት።

ቬንዲሚያ በስፓኒሽ የወይን ለቀማ ነው። ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ «ወይን» እና «ማንሳት» የሚሉ ሁለት ቃላት ተጣብቀውበታል። ስፔኖች ለአዝመራ በጥቅሉ ኮሴቻ የሚል ቃል አላቸው። ወይን ሲሆን ግን የራሱን ስም ይሰጡታል። እኛስ ቡና ሲሆን ለቀማ፣ ጤፍ ሲሆን አጨዳ አይደል የምንለው?

በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ ወይን ስንል ፍሬውም መጠጡም ይሆናል። እንዳንደናገር፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ ወይን ያልኩት ፍሬውን ነው፤ መጠጡን እንደ ድሮው ወይን ጠጅ እለዋለሁ። ወራቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን በፈረንጅ አድርጌዋለሁ።

ስፔን በወይን ማሳ ስፋት ከዓለም አንደኛ ናት። ከ900 ሺህ ሄክታር በላይ አላት። ስለዚህ «የስፔን ቬንዲሚያ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ «ኢትዮጵያ ውስጥ እህል መቼ ይደርሳል?» እንደማለት ነው። የት? የትኛው እህል? ከአፍሪካ ዳርቻ አጠገብ ባሉት የካናሪ ደሴቶች ሐምሌ ሳያልቅ የሚጀምሩ አሉ። ደቡብ ስፔን፣ ሄሬስ አካባቢ፣ ነሐሴ ላይ ይለቀማል። በሰሜን ምዕራቡ ጋሊሲያ አልባሪኞ የሚባለው ነጭ ወይን መስከረም እንደጠባ ይደርሳል። ሪዮሃ ራሷ አንድ ቀን የላትም። ሞቅ ያለው ምሥራቁ ቀድሞ ይጀምራል፤ ሃሮ ከተማ ያለችበት ምዕራቡና ከፍ ያሉት መንደሮች እስከ ጥቅምት አጋማሽ ሊቆዩ ይችላሉ። ሪቤራ ዴል ዱዌሮ ከባሕር ወለል ከ700 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ነው። እዚያ ገበሬው አንድ ዓይኑን ፍሬው ላይ፣ አንዱን ውርጩ ላይ አድርጎ ነው የሚጠብቀው።

የሪዮሃ ዋናው ቀይ ወይን ቴምፕራኒዮ ይባላል። ስሙ የወጣው «ቀደም ያለ» ከሚለው የስፓኒሽ ቃል ነው፤ ቶሎ ደራሽ እንደማለት። ከጎኑ የሚበቅለው ጋርናቻ ከእሱ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ገበሬ ሁለት ማሳ ካለው ሁለት ቬንዲሚያ አለው።

ቀኑን የሚወስነው ስኳር ነው። ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ስኳሩ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ገደማ ስኳር ሲፈላ 1 በመቶ አልኮል ይወጣዋል። 13.5 በመቶ የሆነ ወይን ጠጅ የፈለገ ሰው ወደ 230 ግራም ስኳር ያስፈልገዋል። ይህን ማሳው ላይ ቆሞ የሚለካበት ከእጅ የማትበልጥ መሣሪያ አለችው። አንድ ጠብታ ጭማቂ ያደርግባትና ወደ ብርሃን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ያያል። ነባር ገበሬዎች ግን መሣሪያዋን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ፍሬውን ያኝካሉ። ሥጋውን ይውጡና ዘሩን በጥርሳቸው ይሰብሩታል። ዘሩ አረንጓዴ ሆኖ ምላስ የሚያኮማትር ከሆነ ገና ነው። ቡናማ ሆኖ እንደተቆላ ነገር ቀጭ ካለ ደርሷል።

ከዚያ የሚቀረው ሰማዩ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ዝናብ ከጣለ ፍሬው ውኃ ይጠጣና ጣፋጭነቱ ይቀጥናል። ዘለላው ውስጥም ሻጋታ ይጀምራል። በረዶ ከጣለ ደግሞ የዓመቱ ልፋት በሩብ ሰዓት ያልቃል። በዚህ ምክንያት ነው ከስድስት ወር በፊት የታተመ የጉዞ ፕሮግራም ላይ «ሐሙስ፦ ወይን ለቀማ» የሚል መስመር ሳይ አሁን ፈገግ የምለው።

ወደ ሥራው እንግባ። በሪዮሃ የለቃሚው መሣሪያ ኮርኬቴ ይባላል። ትንሽ ማጭድ የመሰለች፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ቆልማማ ቢላ ናት። ለቃሚው ጎንበስ ይላል፣ በግራ እጁ ዘለላውን ከሥር ይደግፋል፣ በቀኙ ግንዱ ጋ ይቆርጣል። አሮጌው ወይን በሽቦ ያልተደገፈ አጭር ቁጥቋጦ ስለሆነ ወገብ ቀና የሚልበት ጊዜ የለም። አሁን ብዙ ቦታ መቀስ ተተክቷል። በሽቦ የተዘረጋውን ሰፊ ማሳ ደግሞ ማሽን ነው የሚለቅመው። ሩዌዳ በሚባለው የነጭ ወይን አገር ማሽኑ ሌሊት በመብራት ይሠራል። ፍሬው በቀዝቃዛው አየር ከተለቀመ መዓዛው አይጠፋማ።

ድሮ ቬንዲሚያ የዘመድና የጎረቤት ሥራ ነበር። ደቦ በሉት። ዛሬ ግን ማሳው ውስጥ የምትሰሙት ቋንቋ የሞሮኮ፣ የሮማኒያ፣ የሴኔጋል፣ የፓኪስታን ነው። ራሳቸው ስፔኖች ደግሞ የተሻለ ክፍያ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ ለቀማ ሲጎርፉ ኖረዋል። ማደሪያ አጥተው ውጭ የሚያድሩ ለቃሚዎች ነገር በስፔን ጋዜጦች ተደጋግሞ የሚነሳ ነው። ቱሪስቱ አሥር ደቂቃ ለቅሞ ፎቶ ይነሳና ወደ ምሳው ይሄዳል። እኔም ዕድሉን ባገኝ ያንኑ አደርግ ነበር፤ አልዋሽም። ብቻ አጠገቡ ያለው ሰው በኪሎ ወይም በቀን ሒሳብ እየሠራ መሆኑን አውቆ ከመንገዱ ዞር ማለት ጥሩ ነው።

በቬንዲሚያ ሰሞን ሪዮሃ የገባ ሰው ከማሳው ይልቅ ሚዛኑን እንዲያይ እመክራለሁ። አመሻሽ ላይ ትራክተሮች ተጎታቻቸውን ሞልተው የመመዘኛው በር ላይ ይሰለፋሉ። ሞተር ይንተከተካል፣ ተርብ ይዞራል፣ አየሩ ራሱ ይጣፍጣል። ተራው የደረሰ ትራክተር ሚዛኑ ላይ ይወጣል። ገበሬው ካርዱን ያሳያል። ካርዱ ላይ ስንት ሄክታር እንዳለው ተመዝግቧል፣ ምክንያቱም በሪዮሃ ደንብ ቀይ ወይን ከአንድ ሄክታር ከ6,500 ኪሎ በላይ አይፈቀድም፤ ለነጩ 9,000 ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ሐረጉ ብዙ ፍሬ ከተሸከመ ጣዕሙ ይሳሳል። ከዚያ አንድ ረጅም ቱቦ ከላይ ይወርድና ጭነቱ ውስጥ ይሰካል፣ ጭማቂ መጥጦ ያወጣል፣ ስኳሩና ጤንነቱ ይለካል። ገበሬው በዚህ ጊዜ አይናገርም። ዓይኑን ቁጥሩ የሚወጣበት ስክሪን ላይ ተክሎ ይቆማል። የዓመቱ ገንዘብ እዚያ ቁጥር ውስጥ ነው።

ከሚዛኑ በኋላ ያለው ቤት ቦዴጋ ይባላል፤ ወይን ጠጁ የሚጠመቅበትና የሚያርፍበት። ቀይ ወይን ሲጨመቅ ጭማቂው ቀይ እንዳልሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ውኃ የመሰለ ነው። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ስለዚህ ጭማቂውና ልጣጩ አብረው ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይፈላሉ። በላጓርዲያ አካባቢ ያሉ አነስተኛ ጠማቂዎች ዘለላውን ሳይፈለፍሉ ከነግንዱ ገንዳ ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ የሚወጣው ለጋ ወይን ጠጅ እዚያው ክረምታቸው ላይ፣ በብርዱ ወራት፣ ይጠጣል። የእኛን ጉሽ ጠላ የሚወድ ሰው ይህንንም ይወደዋል ብዬ እገምታለሁ። የተጨመቀው አምቡላም አይጣልም። ተነጥሮ ኦሩሆ የሚባል፣ ጉሮሮ የሚልጥ መጠጥ ይወጣዋል፤ አረቄ ማለት ነው።

ላጓርዲያ ኮረብታ ላይ ያለች በግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ናት። ከሥሯ በእጅ የተቆፈሩ የወይን ጠጅ ዋሻዎች ስላሉ መኪና ወደ ውስጥ አይገባም። ከላይ ያለው መንገድ የከተማው ጣራ ነው ብትሉም ያስኬዳል። በፍላቱ ወቅት ወደ እነዚህ ዋሻዎች ዝም ብሎ አይወረድም። ወይን ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስፔኖች ቱፎ ይሉታል። ድሮ ሰው ከመግባቱ በፊት የበራ ሻማ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ሻማው ከጠፋ የሚገባ የለም። ሳይጠነቀቁ ገብተው የቀሩ ብዙ ናቸው።

ሃሮስ? የሃሮ ነገር ከባቡር ጋር የተያያዘ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የምትባል ደቃቃ ነፍሳት የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ እየበላች ስትጨርስ፣ የቦርዶ ነጋዴዎች ተራራውን ተሻግረው መጡ። ባቡሩ ሃሮ ገብቶ ነበርና ወይን ጠጁን ለመጫን እንዲመች ቦዴጋዎቹ ጣቢያውን ከበው ተሠሩ። ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ በ1877፣ ኩኔ በ1879፣ ላ ሪዮሃ አልታ በ1890። ዛሬም እዚያው ናቸው፤ በእግር ከአንዱ ወደ አንዱ ይኬዳል። ነፍሳቷ ግን በ1899 ሪዮሃንም አገኘቻት።

ለበዓሉ የሚሄዱ ሰዎች መስከረም 11ን ይያዙ። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 21፣ የቅዱስ ማቴዎስ ቀን ነው። በዚያ ሳምንት የሪዮሃ ዋና ከተማ ሎግሮኞ አትተኛም። ኤስፖሎን በሚባለው አደባባይ ሕፃናት ከየመንደሩ ወይን በቅርጫት ያመጣሉ። የባህል ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች በባዶ እግራቸው ትልቅ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ገብተው ይረግጡታል። የመጀመሪያው ጭማቂ ለአካባቢው ጠባቂ፣ ለቫልቫኔራ እመቤት ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ያለው ጭፈራ ነው።

እና ምግቡ። ለእኔ የጉዞው እምብርት ይኸው ነው፤ ወይን ባላገኝም ምሳ አግኝቻለሁ። የለቃሚ ምግብ በአብዛኛው በአንድ ድስት የሚያልቅ ነው፤ ድንች ቾሪሶ ከሚባለው ቋሊማ ጋር፣ ቀይ በርበሬ ገብቶበት። ወቅቱ ገና ያልደረቀ ነጭ ባቄላም የሚቀርብበት ነው፤ ፖቻስ ይሉታል። ፒኪዮ የሚባለው ትንሽ ቀይ ቃሪያ በእሳት ይጠበስና በእጅ ይላጣል። የሎዶሳ ፒኪዮ ተብሎ ለመሸጥ ሲላጥ በውኃ መታጠብ የለበትም፤ ጭሱ ይታጠባላ!

ከሁሉ የበለጠብኝ ግን የጥቦቱ ጎድን ነው። ሐረጉ በክረምታቸው ሲገረዝ ጭራሮው ይታሰርና ጥግ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ አንዱ እስር ይቀጣጠላል። እሳቱ ቦግ ይልና ወዲያው ይወርዳል፤ ፍሙ ደቃቅና ኃይለኛ ነው። ከጣት የማይረዝሙ የጎድን ቁርጥራጮች የብረት ፍርግርግ ላይ ይደረደራሉ። ጨው ብቻ። ሦስት አራት ደቂቃ፣ ገልበጥ፣ በቃ። በእጅ ነው የሚበላው። ሹካ የጠየቀ አንድ ሰው ነበረን፣ ሁላችንም አየነው። ሪቤራ ዴል ዱዌሮ የሚዘልቁ ደግሞ አራንዳ ከተማ ላይ ወተት ያልጣለ ግልገል በሸክላ ሳህን፣ በእንጨት ምድጃ ተጠብሶ ይጠብቃቸዋል። ከውኃና ከጨው ሌላ እምብዛም አይገባበትም።

አሳማ ለማይበላ ሰው አንድ ማሳሰቢያ። ቾሪሶ አሳማ ነው። ባቄላውም ውስጥ ይገባል፣ አትክልት ብላችሁ ያዘዛችሁትም ላይ ካም ተከትፎ ሊመጣ ይችላል። ሲመዘገቡ መናገር ነው እንጂ ሳህኑ ከቀረበ በኋላ ጭንቅ ነው። የሚጾምም እንደዚሁ፤ ሎግሮኞ ላውሬል መንገድ ላይ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ እንጉዳይ አለ፣ ግን አናቱ ላይ ሽሪምፕ ይሰኩበታል። እዚያ መንገድ ላይ ልማዱ አንድ ቤት አንድ ጉርሻ፣ አንድ ትንሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ ቀጣዩ ቤት ነው። ተቀምጦ የሚያመሽ የለም።

ብዙ ሰው የሚያዝንበት አንድ ነገር ልጨምር። ሲለቀም ያያችሁትን አትጠጡም። ሪዮሃ ውስጥ ክሪያንሳ የተባለው ቀይ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ሬሴርቫ ሦስት፣ ግራን ሬሴርቫ አምስት ዓመት መቆየት አለበት፤ ከፊሉን በበርሜል፣ ከፊሉን በጠርሙስ። የሚቀዳላችሁ የድሮ ለቀማ ነው። ጠርሙሱ ላይ ኮሴቻ ወይም ቬንዲሚያ ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ዓመት የሚናገረው ይህንን ነው፤ የታሸገበትን ሳይሆን የተለቀመበትን። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ የስፔን ጠርሙስ ሲያጋጥማችሁ እዩት።

ታዲያ በአስጎብኚ መሄድ ይሻላል ወይስ በራስ? ቦዴጋዎቹ በለቀማ ሰሞን ሥራ ላይ ናቸው፤ ሳይደውሉ በር ቢያንኳኩ የሚከፍት ላይኖር ይችላል። ከቅምሻ በኋላ መሪ መያዝም አይሆንም። ስለዚህ ሌላ ሰው ቢነዳ ይሻላል። በቀን ከሁለት ቦዴጋ በላይ የሚያስሮጥ ፕሮግራም ግን አልወድም። ሦስተኛው ላይ ምላስም ጆሮም አይሠራም።

ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉና የት መንደር፣ ነጭ ወይስ ቀይ፣ የትኛው ሳምንት ብላችሁ ጠይቁ። እኔን ያጓጓኝ ሰውዬ ቀኑን እስከ ሰዓቱ ነግሮኝ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ያነጋገርኳት ሴትዮ ግን «መስከረም መጨረሻ ይመስለኛል፣ ግን ሰኞ ዝናብ ብለዋል፣ ማክሰኞ ልደውልልሽ» አለችኝ። ለእሷ ከፈልኩ።