ዚንክ-አየር ባትሪ ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ ለአያቴ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ ገዛሁ። ስድስት ፍሬ ናቸው፤ ከምስር ክክ ትንሽ ከፍ ይላሉ። የሁሉም ጀርባ ላይ ብርቱካናማ ልጥፍ አለ። አያቴ እንዳይቸገሩ ብዬ ስድስቱንም ላጥኳቸው። አንዷን አስገባሁላቸው፣ አምስቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ከሁለት ወር በኋላ ሳወጣቸው አንዷም አትሠራም።

ለካ ልጥፉ ክዳን ኖሯል። ሥሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ባትሪዋ የምትተነፍሰው በነሱ ነው።

የለመድነው የባትሪ ድንጋይ ሁለት ነገር ተሸክሞ ይመጣል፤ ኤሌክትሮን ሰጪና ተቀባይ። ዚንክ-አየር ሰጪውን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ዚንኩን። ተቀባዩ ኦክስጅን ነው፣ እሱ ደግሞ ደጅ ሞልቷል። ስለዚህ ቦታው ሁሉ ማለት ይቻላል በዚንክ ዱቄት ይሞላል። ዱቄቱ የሚለወሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኬሚካል በሟሟበት ውሃ ነው። በክብደት ሲመዘን ከአልካላይን ድንጋይ ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ጉልበት ይይዛል። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ኦክስጅኑ ዚንኩ ላይ ስለሚቀር ባትሪዋ በሠራች ቁጥር ትከብዳለች እንጂ አትቀልም።

ርካሽነቱም ከዚሁ ይመጣል። አየር በነፃ ነው። ዚንክም ብርቅ አይደለም፤ የቤታችን ቆርቆሮ እንዳይዝግ የተቀባው እሱ ነው። አየሩን የሚቀበለው የካርቦን ገጽ ላይ ሥራውን ለማፋጠን ውድ የሆነውን ፕላቲኒየም ትቶ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ መጠቀም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ትልልቅ ዚንክ-አየር ባትሪዎች ለባቡር ሐዲድ ምልክቶች ያገለግሉ ነበር።

ጣጣው ያለው ቀዳዳው ላይ ነው። ኦክስጅን በገባበት ውሃ ይወጣል፤ እንደ አዳማ ባለ ደረቅ ነፋስ ደግሞ ይብሳል። እርጥበት ሲበዛ በተቃራኒው ውሃ ይገባበታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ገብቶ ዱቄቱ የተለወሰበትን ፈሳሽ ያበላሻል። ስለዚህ አንዴ ከተላጠ ሠራም አልሠራም በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ልጥፉን መልሶ መለጠፍ ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያስቆመውም። ቀዳዳውን ቢያሰፉት ኃይሉ ይጨምራል፣ ግን ቶሎ ይደርቃል። ቢያጠቡት ዕድሜው ይረዝማል፣ ግን ለጆሮ መሣሪያ እንጂ ለስልክ አይበቃም። እንደገና ቻርጅ ልድረግህ ቢሉትም ዚንኩ እንደ መርፌ እየበቀለ ያስቸግራል፤ ለዚህ ነው አብዛኛው ተጠቅሞ የሚጣል የሆነው።

አሁን የምንልጠው አንድ በአንድ ነው። ከላጥን በኋላም አየር እስኪገባት ጥቂት ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ እናቆያታለን። አያቴ በነዚያ ደቂቃዎች ስለማይሰሙ ወሬያቸውን አስቀድመው ይጨርሳሉ።