ፊርማው ስላልተመሳሰለ ብቻ ሐሰተኛ አይደለም

«አባታችን እንዲህ አይፈርሙም!» ሰነድ ለማስመርመር የሚመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ይጀምራል። መልሱን ይዞ መጥቷል፤ ከእኔ የሚፈልገው ማረጋገጫ ብቻ ነው።

ፊርማ ማኅተም አይደለም። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት አይፈርምም። እንዲያውም ሁለት ፊርማዎች ሲደራረቡ አንድም ልዩነት ከሌላቸው አንዱ ከሌላው ተገልብጦ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። የምፈልገው የእጁን አካሄድ ነው፦ እስክሪብቶው የት ጫን አለ፣ የት ላላ፣ የት ተነሣ፣ መስመሩ ፈጥኖ ሄዷል ወይስ እየቆመ ተጎትቷል?

አራት ወንድማማችና እኅትማማች አባታቸው ጻፉት የተባለ ኑዛዜ ይዘው መጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተናዛዡ በራሱ ጽሕፈት የሚያደርገው ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ ራሱ ካልጻፈው አይጸናም፤ ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ እጁ ላይ ነበር። ሦስቱ «ሐሰት ነው» አሉ። ማስረጃቸው ሟቹ ከሃያ ዓመት በፊት በመምህርነታቸው ዘመን የያዙት ደብተር ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ጽሕፈት። ኑዛዜው ግን ይንቀጠቀጣል። የመጨረሻ ዓመታቸውን ጽሕፈት ፈልጉ አልኳቸው። አባታቸው የእድር ጸሐፊ ነበሩና መዝገቡ መጣ። ገጹ በተገለጠ ቁጥር እጃቸው ሲደክም ይታያል። «ለ»ን ግን ከቀኝ እግሩ ግርጌ ጀምረው፣ እስክሪብቶውን ሳያነሡ፣ በግራ ይወርዱበታል፤ በደብተሩም፣ በመዝገቡም፣ በኑዛዜውም። መንቀጥቀጡ የእርጅና ነበር። የአስመሳይ እጅ የሚንቀጠቀጠው ተጠንቅቆ ሲስል ነው፤ ጠርዙን ደግሞ መልሶ ያስተካክለዋል። ውጤቱን ስነግራቸው ታናሽዋ «ሦስት ዓመት ሌባ ተባልኩ» ብላ አለቀሰች።

«ፎቶ ኮፒው ይበቃል።» አይበቃም! ቅጂ ላይ የእስክሪብቶ ጫና የለም፤ ሁለት ቀለምም አንድ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አንድ የብድር ውል ላይ «ሃያ ሺህ ብር» ከሚለው በፊት «መቶ» የሚል ቃል ተሰክቶ ነበር፤ በአኃዙም ፊት 1 ተጨምሮ 20,000 የነበረው 120,000 ሆኗል። ቅጂው ላይ ምንም አይለይም። ዋናውን ዓይን ብቻውን በማያየው በኢንፍራሬድ ብርሃን በመሣሪያ ስናየው ግን የውሉ ቀለም ጠፋ፤ «መቶ» እና 1 ብቻቸውን ቀሩ። እባካችሁ ዋናውን ሰነድ ጠብቁ። ላስቲክ አታስለብሱት፣ ስቴፕለር አትምቱበት፣ በላዩ ሌላ ወረቀት አስቀምጣችሁ አትጻፉ፤ የሚሰረጉደው መስመር ሁሉ ለእኛ ምስክር ነው።

«አንድ መታወቂያ አምጥቻለሁ፤ ከእሱ ጋር ያመሳክሩት።» በአንድ ናሙና ምንም አልልም። አሥራ አምስት፣ ሃያ አምጡ፤ በአከራካሪው ሰነድ ጊዜ አካባቢ የተጻፉ፣ ክርክር ሳይታሰብ በፊት የተፈረሙ፦ የባንክ ወረቀት፣ የደመወዝ መክፈያ፣ የእቁብ ደብተር። የአማርኛ ፊርማ ከአማርኛ ጋር ነው የሚመሳከረው። ናሙናው ራሱ የማን እንደሆነም ይረጋገጥ። የሂትለር ናቸው የተባሉትን ማስታወሻዎች ባለሙያዎች ትክክለኛ ያሏቸው ለማመሳከሪያ ከቀረቡላቸው ጽሑፎች መካከል ማስታወሻዎቹን የፈጠረው አስመሳይ ራሱ የሠራቸው ስለነበሩበት ነው። ያጋለጣቸው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1983 የወረቀቱና የጥራዙ ምርመራ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የመጡ ቁሶች ተገኙባቸው።

«ቀለሙን አይተው የተፈረመበትን ቀን ይንገሩኝ።» ቀለም ቀን አይናገርም።

«ከጽሕፈቱ ጠባዩን ይንገሩኝ።» ይህ ሰነድ ምርመራ አይደለም።

«አሻራ አለበት፤ እሱንም ይዩልኝ።» የአሻራ ባለሙያ ሌላ ነው። ደግሞ ሕጉ ጽሑፍን ግዴታ ባደረገበት ውል ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው።

«ከፍዬዎታለሁ፤ የእኔ ምስክር ነዎት።» የከፈሉት ለሥራዬ ነው። ውጤቱ በእርስዎ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ «መወሰን አይቻልም» ሊሆንም ይችላል፤ ፍርድ ቤት ሲጠይቀኝ የምናገረው ያንኑ ነው። ዋናውን ሰነድ ሳያይ በስልክ «እናሸንፋለን» የሚልዎትን ግን አይቅጠሩት።