እርቅና ፍትሕ በጎንደር፦ ከፈረንጁ 2000 እስከ ሐበሻው 2000

ጎንደር ላይ አዲሱ ዘመን ሁለት ጊዜ ነው የገባው። ፈረንጁ 2000ን ሲቀበል እኛ ገና 1992 ላይ ነበርን። የራሳችን ሚሊኒየም የመጣው ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ ነው። በዚህ መሀል በከተማዋና በዙሪያዋ ገጠር ስለ ሰላምና ስለ ፍትሕ ብዙ ተለፍቷል። ሥራው ግን ስም አልነበረውም። “አክቲቪስት” የሚለው ቃል ገና አልተለመደም። “ታጋይ” ከተባለ ደግሞ ክላሽ ያነገተ ሰው ነበር የሚታሰበው። ሰላም የሚያወርድ ሰው ሽማግሌ ይባላል፤ በቃ።

ዘመኑ የተከፈተው በጦርነት ነው። በግንቦት 1991 የዓለም የሰላም ተሟጋቾች ሄግ ላይ ተሰብስበው የ1899ኙን (በፈረንጅ አቆጣጠር) የሰላም ጉባኤ መቶኛ ዓመት ሲያስቡ፣ የእኛ ልጆች ከኤርትራ ጋር በሚዋሰነው ድንበር ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ተኩስ ለማቆም የተፈረመው ሰኔ 11 ቀን 1992፣ የአልጀርሱ ስምምነት ደግሞ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ነው።

ገጠሩ የራሱ ጦርነት ነበረው፤ ደም መመለስ። ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል፤ ቂሙን ግን አይነካውም። እስሩን ጨርሶ የወጣ ሰው ደጅ ላይ ደም መላሽ ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ ደም ማድረቅ የሽማግሌ ሥራ ነው። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል። የሟች ወገን መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ቶሎ እሺ ማለት ሟቹን ማቅለል ነዋ። ሽማግሎቹ ይመላለሳሉ፣ ቄሱም መስቀል ይዘው ይገባሉ። በቀጠሮው ቀን የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። የሟች ቤተሰብ ይቅር እስኪል ድረስ ድንጋዩ ከትከሻ አይወርድም። የቆመው ሰው ላብ ሲንጠባጠብ፣ ተቀምጠው የሚያዩት ሴቶች ሲያለቅሱ፣ ያቺ ጥቂት ደቂቃ ትረዝማለች። ከዚያ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል፣ አብሮ ይበላል።

ይህን አይቶ ሽምግልናን አለማክበር ይከብዳል። ችግሩ፣ ልጅ ስትጠለፍም የሚላከው ያው ሽማግሌ መሆኑ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ይታረቃሉ፤ ልጅቱን የሚጠይቃት የለም። ሕጉም ቢሆን አልረዳትም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት እንዲያመልጥ በር ከፍቶ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር።

ይህን ለመለወጥ ከተሟገቱት መካከል የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በግንባር ቀደምነት ይነሳል። ማኅበሩ በ1993 እና በ1994 መባቻ ላይ ለጥቂት ጊዜ ታግዶም ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረሰው፤ አማራ ክልል በ1995 የራሱን ሕግ አወጣ። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግም የጠላፊውን ማምለጫ ዘጋው።

ወረቀቱ አማረ። ገጠር ላይ ግን ያኔ የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረም። ጥር ገብቶ ድንኳን ሲተከል ዕድሜዋን በምን ታውቃለህ? ልጅቱ ለዕድሜ ምርመራ ጤና ጣቢያ ትላካለች፤ አባት “18 ሞልቷታል” ይላል፤ መምህሯ ገና አምስተኛ ክፍል ናት ብሎ ይከራከራል። ሠርጉን ተዝካር ነው ብሎ የሚደግስም አለ። ጋብቻ ያስቆመ መምህር በዚያ ቀበሌ ጠላ የሚቀዳለት አያገኝም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የዘመኑ ደፋር እሱ ነው።

ከተማው ውስጥ ደግሞ ኤድስ ነበር። የዚያን ጊዜ ተማሪ የሆነ ሁሉ የፀረ ኤድስ ክበብን ያስታውሳል። በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ይጮሃል፣ ማይኩ ይንጫጫል፣ አንዷ ግጥም ታነባለች፣ ግማሹ ተማሪ ኳስ ይጫወታል። አንዳንድ እድሮችም ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ነው፤ እስከዚያ ገንዘብ የሌለው ሰው ዕጣው የታወቀ ነበር።

በዘመኑ ከፍትሕ ጥያቄዎች አንዱ የቤተ እስራኤል ዘመዶች ጉዳይም ነው። በግንቦት 1983ቱ የአውሮፕላን ዘመቻ (ዘመቻ ሰለሞን) 14 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች በሁለት ቀን እስራኤል ሲገቡ የቀሩት ጎንደር ከተማ ወርደው፣ ቤት ተከራይተው፣ ዓመት በዓመት “ዘንድሮ እንሄዳለን” እያሉ ጠበቁ።

ሚሊኒየሙ በሆታ ገባ። በዓመቱ፣ በ2001፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ወጣ። ከገቢው ከመቶ አሥር በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብትም ሆነ ግጭት በመፍታት ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። ብዙዎች ሥራቸውን ቀየሩ ወይም ዘጉ። አዋጁ እስከ 2011 ቆየ። የገጠሩን ሽማግሌ ግን አልነካውም። የእሱ የውሎ አበል ጠላ ነበር።