ጋንጃ ያሳብዳል ወይስ አያሳብድም?

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ጎረምሳ ጨርቁን ሲጥል ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ጋንጃው ነው ያሳበደው» ይላል። ሌላው «ስንቱ እያጨሰ ደህና አይደል እንዴ!» ብሎ ይሞግታል። ሐኪሙ ደግሞ «አጋላጭ ነው» ይላል። ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው።

አጋላጭ ማለት የመታመም ዕድልን ከፍ የሚያደርግ ነው እንጂ የነካውን ሁሉ ይጥላል ማለት አይደለም። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ የስዊድን ጥናት ከ45,000 በላይ ምልምል ወታደሮችን ለ15 ዓመት ተከታትሏል። ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት ስኪዞፍሬንያ በተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ጭራሽ ካልሞከሩት በ6 እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኘ። ያም ሆኖ አብዛኞቹ አጫሾች አልታመሙም።

ተከራካሪዎች ታዲያ «ሕመሙ ቀድሞ የጀማመራቸው ልጆች ጭንቀት ለማስታገስ ቢያጨሱስ?» ይላሉ። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነትም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእኔ ግን ማስረጃው ወደ ጥንቃቄው ያደላል፤ በተለይ በጉርምስና ለጀመረ፣ በየቀኑ ለሚያጨስ፣ ቲኤችሲ የተባለው የጋንጃ አስካሪ ንጥረ ነገር የበዛበትን ለሚጠቀም። በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ልጅማ ጨርሶ ባይነካው ይሻላል። ሌላ የማይሰማው ድምፅ መስማት ከጀመረ፣ ጠበሉ እንዳለ ሆኖ ሐኪም ቤትም ቶሎ ይወሰድ።