ፍሪጁን የሚሞላው ማነው? ወላጆችና የታዳጊ ልጆች ካልሲየም

ከ10 እስከ 14 ዓመት ያለን ልጅ ወተት ጠጣ ስትሉት «ሕፃን ነኝ እንዴ?» ይላል። አጥንቱ ግን ወተቱን አጥብቆ የሚፈልገው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ሴቶች 12 ዓመት ተኩል፣ ወንዶች 14 ገደማ ላይ ሲደርሱ አጥንታቸው ማዕድን የሚያከማችበት ፍጥነት ጣሪያ ይነካል፤ በዚያ ዙሪያ ባሉ ሁለት ዓመታት ብቻ የአንድ አዋቂ ሰው አጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ በቀን 1300 ሚሊግራም ካልሲየም የሚለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ አለው። ከአራት ብርጭቆ በላይ መሆኑ ነው እንግዲህ! እንግሊዞች ግን ከ11 ዓመት ጀምሮ ለሴት 800፣ ለወንድ 1000 ይበቃል ይላሉ፤ ስለዚህ በቁጥሩ ብዙ አትጨነቁ።

ወላጅ እዚህ ውስጥ የሚገባው በምክር ይመስለናል። ምክሩ ብዙም አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ በተለያዩ ቤተሰቦች የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ነገር ቀላል ነው፤ ወተት ቤት ውስጥ ካለ፣ አባትና እናት ራሳቸው ሲጠጡ ከታዩ፣ ማዕድ ላይ ምን እንደሚጠጣ የተለመደ ደንብ ካለ ልጁ የተሻለ ያገኛል። ፍሪጁ ውስጥ ሁሌ ለስላሳ ካለ ደግሞ ሳይጠጣ የሚቀረው ወተቱ ነው። ወተት ሆዷን የሚነፋት እናት ወተት አትገዛም፣ ልጇም ሳይሞክረው «አይስማማኝም» ብሎ ያድጋል። እንዲህ ላለው ቤት እርጎ ይሻላል፣ ሲረጋ የወተቱ ስኳር በከፊል ስለሚቀንስ።

እኛ ጋ ደግሞ ጾም አለ። በኦርቶዶክስ ቤት ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ይጹም ይባላል፤ ስንቱን ቀን የሚለው ግን እንደየቤቱ ነው። አንዱ ፍልሰታን ብቻ ያስጾማል፣ ሌላው ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ የሁዳዴን 55 ቀን። ያኔ ወተት የለም፣ መሶቡ ግን ባዶ አይደለም። ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ካልሲየም አለው፤ ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ነገር ይቀንሳል። ከነገለባው የተቆላ ሰሊጥም አሪፍ ነው። ጎመንና ቆስጣን ግን አንድ አታድርጓቸው። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የሚባለው ነገር ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል፣ የጎመኑ ግን በደንብ ሰውነት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በጾም ሰሞን ገበያ የሚወጣው ሰው የትኛውን እስር እንደሚያነሳ መምረጡ ለውጥ ያመጣል።

በፍስክ ቀን ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። «ልጄ ቅቤ ይበላል» ብሎ የሚረጋጋ ወላጅ ብዙ ነው። ቅቤ ስብ ነው፣ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። አይብም ቢሆን የምናስበውን ያህል አይደለም፤ አሬራው ጎምዝዞ እሳት ላይ ሲረጋ ካልሲየሙ አብዛኛው ቀልጦ አጓቱ ውስጥ ይቀራል። ገጠር ያደገ ሰው አጓቱን ለብ እንዳለ መጠጣቱን ያስታውሳል። ከተማ ውስጥ ግን አይቡ በወንፊት ሲጠል አጓቱ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ሲንክ ነው።