ትንሣኤ ሙታን ምንድን ነው?

እዚህ ሀዋሳ ለቅሶ ቤት ድንኳኑ አንድ ነው። አንዱ “ነፍስ ይማር” ይላል። ጎኑ የተቀመጠው “ጌታ ያጽናችሁ” ይላል። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ካቶሊኩም በአንድ የእድር አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቀን እንዲህ ተቀምጠን ሳለ አጠገቤ የነበሩ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። “የኔን ልጅ ሐይቁ ነው የበላብኝ። ስንት ዓመቱ! አስከሬኑም አልወጣልኝ። እሱም ይነሣል እንዴ?”

ያን ጊዜ እጃቸውን ከመያዝ ሌላ ያልኩት ብዙ ነገር የለም። ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀኝም። ከቃሉ ልጀምር።

ትንሣኤ ማለት መነሣት ነው። የመጣው “ተንሥአ” ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ ተነሣ ማለት ነው። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ “እለ ትነብሩ ተንሥኡ” ሲል የሰማችሁት ያው ቃል ነው፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ። እናት ልጇን ለትምህርት ስትቀሰቅስ “ተነሣ” የምትለውም እሱኑ ነው። የሚነሣ የተኛ ነው። ለዚህ ነው ክርስቲያን ሞትን እንቅልፍ የሚለው፤ ሞተ ከማለት “አረፈ”፣ “አንቀላፋ” ማለት የሚቀናን። በማርቆስ ወንጌል የአሥራ ሁለት ዓመቷ የኢያኢሮስ ልጅ ሞታ ቤቱ በልቅሶ ሲናወጥ፣ ኢየሱስ እጇን ይዞ አንቺ ልጅ ተነሺ አላት። ተነሣች። ወዲያው የምትበላውን ስጧት አለ። ይህችን የምግብ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ግን የዚያች ልጅም ሆነ የአልዓዛር መነሣት ገና ትንሣኤ ሙታን አይደለም። አልዓዛር አራት ቀን መቃብር ውስጥ ቆይቶ ወጣ፤ የወጣው ግን ወደዚሁ ወደምናውቀው ኑሮ ነው። በኋላ እንደማንኛውም ሰው ሞቷል። ትንሣኤ ሙታን የሚባለው ዳግመኛ ሞት ወደሌለበት ሕይወት መነሣት ነው። በዚህ መንገድ የተነሣው ክርስቶስ ነው። ጳውሎስ “ላንቀላፉት በኩራት” ይለዋል። በኩራት ከአዝመራው ቀድሞ የደረሰ፣ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ እሸት ነው። እሸቱ ከደረሰ የቀረው እርሻም መድረሱ አይቀርም። የክርስቲያን ተስፋ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ተስፋው “ነፍስ ወደ ሰማይ ትሄዳለች” የሚለው ብቻ ይመስለናል። ይሄ ግማሹ ነው። ነፍስ ብቻ ብትሆንማ መቃብሩ ባዶ መሆን ባላስፈለገው ነበር። በሉቃስ ወንጌል መጨረሻ ደቀ መዛሙርቱ የተነሣውን ጌታ ሲያዩ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ደነገጡ። እጁንና እግሩን አሳያቸው። አሁንም ስላላመኑ የሚበላ ነገር አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። የተጠበሰ ዓሣ ሰጡት፣ ፊታቸው በላ።

በዮሐንስ ወንጌል ደግሞ ሐይቅ ዳር ነው የታያቸው። ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይዙ አድረዋል። በእርሱ ቃል መረቡን ቢጥሉ 153 ትልልቅ ዓሣ ወጣላቸው። ወደ ዳር ሲደርሱ ፍም ተቀጣጥሏል፤ ዓሣ ተጥዷል፤ እንጀራም አለ። ኑ ብሉ አላቸው። እኔ ይህን ምዕራፍ ሳነብ እዚህ ሐይቃችን ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው የሚታየኝ። ማለዳ ጀልባ ሲጠጋ፣ ዓሣው ሲራገፍ፣ እጁ የረጠበ ሰው ጭስ ሲከብ። ሞትን ያሸነፈው ጌታ ለደከሙ ዓሣ አጥማጆች ቁርስ አዘጋጀ። ሥጋ ያለው፣ የሚነካ፣ የሚበላ ትንሣኤ ነው።

ሥጋው ያው ነው፤ ተለውጧል ደግሞ። የችንካሩ ምልክት አልጠፋም። በር ተዘግቶ ግን ገብቷል። ጳውሎስ ይህን በዘር ይመስለዋል። በቆሎ የዘራ ሰው አፈር ውስጥ የጣለው አንዲት ፍሬ ናት። የሚበቅለው አገዳና ቅጠል ያለው ነው። ፍሬዋን አይመስልም፤ ግን ከእሷው ነው የወጣ። ደካማው ይዘራል፣ የማይበሰብሰው ይነሣል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ከጥንት ጀምራ በጸሎተ ሃይማኖት ታውጃለች። በ325 በኒቅያ፣ በ381 በቁስጥንጥንያ ከተደነገገው እምነት መዝጊያው “ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን” ነው፤ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን። በተዋሕዶ ትምህርት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ ማለትም ከእምነቱ ምሰሶዎች፣ አምስተኛው ይኸው ነው። የሞተ ሰው እስከዚያ ቀን የት ይቆያል በሚለው ላይ ልዩነት አለ። ኦርቶዶክሱ የጻድቃን ነፍስ በገነት ትቆያለች ይላል። አብዛኛው ወንጌላዊ አማኝ ከጌታ ጋር ናት ይላል። አድቬንቲስቱ ሙታን እስከ ትንሣኤ ምንም አያውቁም ይላል። መጨረሻው ላይ ግን ሁሉም ሙታን ይነሣሉ ብሎ ያምናል።

የዘላለም ሕይወት ሲባልም የዓመት ብዛት ብቻ አይደለም። በዮሐንስ 17 ኢየሱስ ራሱ የዘላለም ሕይወት አብንና የላከውን ክርስቶስን ማወቅ ነው ብሏል። ስለዚህ ከመቃብር በፊት፣ እዚሁ ይጀመራል።

አንድ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። ለቅሶ ቤት “አታልቅሺ፣ እምነትሽ የት አለ?” የሚሉ አሉ። ኢየሱስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ መቃብሩ አጠገብ አልቅሷል። ጳውሎስም ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ አለ እንጂ ጭራሽ አትዘኑ አላለም።

እኚያን እናት ከሳምንታት በኋላ ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ራእይ 20ን አነበብኩላቸው፤ ባሕርም በውስጡ ያሉትን ሙታን ሰጠ ይላል። “እማማ፣ መቃብር የገባውም ከጊዜ በኋላ አፈር ነው። ከአፈር ለሠራን ጌታ ሐይቅና መቃብር ምን ልዩነት አለው?” አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ቡናውን ቀዱልኝ። ከዚያ “ያውቀኛል ግን?” አሉ።

የመግደላዊት ማርያምን ነገር ነገርኳቸው። በመቃብሩ ደጅ እያለቀሰች ሳለ ጌታ አጠገቧ ቆሞ አትክልት ጠባቂው መስሏት ነበር። ፊቱን አይታ አላወቀችውም። “ማርያም” ብሎ ስሟን ሲጠራት ነው ያወቀችው።